ኮረብታው ላይ በደረቷ የተኛችው ሴትዮ እኔ ነኝ

አዎ፣ እኔው ነኝ!

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እየተቀባበላችሁ የምትስቁባት፣ ሣር ላይ በደረቷ ተኝታ ፊሽካ የምትነፋ፣ ፀጉሯ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ የተጎነጎነ፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» እያለች ኮረብታውን የምታናውጥ ሴትዮ እኔ ነኝ። የለውዝ ቅቤ የምሸጥላችሁ እኔ።

ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ኮሜንቱን አይቻለሁ። አንዷ ደንበኛዬ «የሀያትን እናት አትመስልም?» ብላ ጽፋለች። እህቴ፣ መምሰል የለም። ነኝ!

ቪዲዮው የማያሳየውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ለፔጄ አዲስ የሆናችሁ፣ የምኖረው አሶሳ ነው። ለውዝ እቆላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በብልቃጥ አሽጌ እሸጣለሁ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ስጽፍ ብሳሳት እለፉኝ። ያለችኝ ልጅ አንድ ናት፤ ሀያት። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች።

አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ?

የተጣራ ውኃ ደግሜ አፈላለሁ። ባጃጅ ስትሳፈር የሾፌሩን ፊት በስልኬ አነሳለሁ። ስደውልላት ካላነሳች ሁለተኛ አልደውልም፤ ያለችበት ድረስ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ ሆና ስልኳን ዘግታ፣ የመፈተኛው ክፍል መስኮት ላይ ቆሜ ተገኝቻለሁ። ፈታኙ «ምን ፈለግሽ እናት?» ሲለኝ «ምንም፤ መኖሯን ለማየት ነው» አልኩት።

ያን ቀን ሀያት አንድ አስተያየት አየችኝ። ዛሬ ደገመችው።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ልጄ ጂኦካሺንግ የሚባል ነገር ስትጀምር ነው።

መጀመሪያ ስሙን ስሰማ ሱስ መስሎኝ ኪሷን ሁሉ ፈትሼያለሁ። በኋላ ሲያስረዱኝ ለትልልቅ ሰው የተሠራ ድብብቆሽ ነው። አንዱ ሰው ሣጥን ይዞ ይሄድና ጫካ ውስጥ ወይ ድንጋይ ሥር ይደብቃል። የደበቀበትን ቦታ ስልክ ላይ ባለው ካርታ ያስቀምጣል። ሌሎቹ ካርታውን እያዩ በእግራቸው ሄደው ይፈልጋሉ። ያገኘ ሰው ውስጡ ካለው ትንንሽ ስጦታ አንዱን ወስዶ የራሱን ይተካል። ከዚያ ሣጥኑ ወደነበረበት ይመለሳል። አለቀ።

«ጠፍቶባቸው ነው የሚፈልጉት?» አልኳት።

«አልጠፋም እማ። ሆን ብለው ነው የደበቁት።»

«ታዲያ ለምን ደበቁት?»

«እንዲፈለግ ነዋ!»

የራሴን የቤት ቁልፍ ስፈልግ ግማሽ ቀን የሚሄድብኝ ሰው ነኝ። ይኼ ለእኔ እንዴት ይግባኝ?

ክበቡን ያቋቋመው መምህር ሳሙኤል ነው፤ ከሐዋሳ ተመድቦ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ገና ጎረምሳ፣ ትሁት ልጅ። የዩኒቨርሲቲም የሃይስኩልም ተማሪዎች ሰብስቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስኬዳቸዋል።

ችግሩ ማንኩሽ ነው።

ትምህርት ሲዘጋ ክበቡ ማንኩሽ ሊሄድ ነው። የሕዳሴ ግድቡን ሊጎበኙ፣ ከተማዋ አካባቢም ሣጥን ሊደብቁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተጫዋቾችም አብረዋቸው አሉ። ከሃይስኩል ልጆች የተመረጠችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። የእኔዋ።

ማንኩሽ! ያ ሁሉ መንገድ! ከቤት ውጪ አዳር!

እምቢ አልኩ።

ሀያት አልለመነችኝም። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል አልሰጠችኝም። ስታለቅስ እችላታለሁ። ስትቆጣም እችላታለሁ። ዝም ስትለኝ ግን ቤቱ ይጠበኛል።

ስለዚህ ተደራደርን። ለዛሬው ጉዞ አብሬያት እሄዳለሁ። የሚሠሩትን በዓይኔ አይቼ ልቤ ካረፈ ማንኩሽን እፈቅዳለሁ።

«እሺ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ እማ። እዚያ አትጩኺ።»

«እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?» ብዬ ጮኽኩባት።

ጠዋት ቦርሳዬን ሞላሁ። ውኃ። በሶ። ኦአርኤስ። ጃንጥላ። ገመድ። ለእባብ ነጭ ሽንኩርት። በጠራራ ፀሐይ ባትሪ። ፊሽካ። ሀያት አንድ በአንድ አየቻቸውና ባትሪውን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ፊሽካውን ግን አላየችውም።

ምነው ባየችው!

ፀጉሬን በተመለከተ፣ ሹሩባዬን ማታ መፍታት ጀምሬ ደከመኝና ግማሹን ለነገ አቆየሁት። ቀይ ሻሽ ካሰርኩበት ማን ያየዋል ብዬ ነው። አሁን ስንቱ እንዳየው ቪዲዮው ሥር ተጽፏል።

ፓርኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኮረብታማው ነው። ቀርከሃው ደስ ይላል፣ ጥላው ደስ ይላል። በሩ ላይ ስንደርስ መምህር ሳሙኤል ለሁሉም ሲያስረዳ ሰማሁት። የምንወጣው አናቱ ላይ ወዳለው የድሮ ጦር ካምፕ ነው።

ካምፕ!

ሀያትን አየኋት። ሀያት የጫማዋን ክር አየች።

ካምፕ ሲባል ለምን እንደምደነግጥ ልንገራችሁ። እናትና አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ሰፈራ መንደር ነው። ልጆች ሆነን ወንድሜ ጀማል ማሳ ውስጥ አረንጓዴ ብረት አገኘ። ያማረ ነገር ነበር፤ አዲስ ቆርቆሮ የመሰለ። ቤት ይዞት መጣና ምን እንዳለበት ለማየት በድንጋይ መታው።

ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ መንደራችን ልጁን ከፊደል በፊት የሚያስተምረው ነገር አለ። ብረት ካየህ አትንካ። ዙሪያውን ድንጋይ ክበብበት። ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ እሰር። ከዚያ ራቅ ብለህ ተኛና ትልቅ ሰው እስኪመጣ ጩኽ። ይኼን የምናውቀው እንደ ስማችን ነው። በእንቅልፍ ልቤ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

እናቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳ አቋርጬ ትምህርት ቤት እንድሄድ አልፈቀደችልኝም። አምስተኛ ክፍል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የፓርኩ ጥበቃ ሼህ ኢድሪስ የአገሩ ሰው ናቸው፤ የበርታ ተወላጅ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ፊቴን አይተው መሰለኝ ጠጋ አሉኝ። «መንገድ ንጹህ ነው» አሉኝ። «ከብት ሁልጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ልጅም ይወጣል። አንተ አትፍራ፣ ወላሂ።»

እሺ አልኩ። ወጣን።

አሁን የምነግራችሁን ቪዲዮው አልያዘውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ልጄ ከፊት ነበረች። ካርታውን እያየች ትመራለች። ሣሩ ሰው ያክላል፤ ከመንገዱ እንዳትወጡ ትላለች፤ የደከመውን ቆማ ትጠብቃለች። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሊዲያ የምትባል ልጅ፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ፣ «በዚህ ነው በዚያ?» ስትላት ሀያት እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ታሳያታለች። ቤት ውስጥ ካልሲዋን የማታገኝ ልጅ!

ሊዲያ ወደኋላ ቀርታ «ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት» አለችኝ።

እዚያው ዳገቱ መሀል ልቤ አረፈ። ፈቀድኩ። በቃ፣ ማንኩሽ ትሂድ አልኩ በልቤ። አናቱ ላይ ስንደርስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አቅፌያት እነግራታለሁ ብዬ አሳመርኩት።

ለምን እዚያው ዳገቱ ላይ አልነገርኳትም? እኔም እንደናንተው ነው የምጠይቀው።

ከላይ ደረስን። የፈረሰ ግንብ፣ በሣር የተዋጠ ምሽግ፣ የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ወለል። ወታደሮቹ ከሄዱ ዘመን ተቆጥሯል፤ ፍየል ተኝቶበታል። መምህር ሳሙኤል አጨበጨበና የዛሬውን ሣጥን የደበቀችው ሀያት መሆኗን ተናገረ። በራሷ ስትደብቅ የመጀመሪያዋ ነው። ምን እንደሚመስልም የት እንዳለም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ በጨዋታው ሕግ ደግሞ ሌሎቹ እስኪያገኙት አፏን አትከፍትም።

ሁሉም ተበተኑ። ሀያት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፈገግ አለች። እንደዚያ ፈገግ ስትል ካየኋት ቆይቻለሁ።

እኔ ግን ያ ሁሉ የጠጣሁት ውኃ መጣብኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እውነቱ ይኼው ነው። ሰው ወደሌለበት፣ ከፈረሰው ግንብ ኋላ ዞርኩ። ሣሩን ገለጥ አደረግሁ።

አረንጓዴ ብረት።

ከቅጠልና ከጠጠር ሥር፣ ጠርዙ ብቻ ብቅ ያለ። መያዣ ያለው። የጥይት ሣጥን!

«የልጅሽ ሣጥን ይሆናል ብለሽ አላሰብሽም?» እንዳትሉኝ። ሀያት ከዚህ በፊት ያሳየችኝ ሁሉ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነበር። ደግሞ ያን ሰዓት ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። የታየኝ የጀማል እጅ ነው።

እጄ ራሱ ሠራው። ድንጋይ ሰበሰብኩ፣ ከበብኩት። ቀይ ጨርቅ ፈለግሁ፤ ያለኝ ቀይ ነገር ራሴ ላይ ያለው ነው። ሻሼን ፈትቼ ቀርከሃ ላይ አሰርኩና ተከልኩት። ራቅ ብዬ በደረቴ ተኛሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

ከዚያ ጮኽኩ።

ቪዲዮው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሊዲያ፣ እግዜር ይይልሽ አልልም፤ ስልክሽ በእጅሽ ነበር።

ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። መምህር ሳሙኤል አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ እንዳነሳ ቀረ። ሀያት ብቻ ወደ እኔ መጣች።

«እማ፣ እሱ የኔ…»

«ባለሽበት ቁሚ!»

«እማ፣ የኔ ሣጥን ነው…»

«ዝም በይ! ተኚ! ተኚ አልኩሽ!»

«እማ ስሚኝ…»

ፊሽካ ነፋሁባት። ልጄ ስታናግረኝ ፊሽካ ነፋሁባት። ይኼም ቪዲዮው ላይ አለ፤ እናንተ የምትስቁት እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ማየት ያቃተኝ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

በመጨረሻ መምህር ሳሙኤል እግሩን አወረደና የሀያት ሣጥን መሆኑን አስረዳኝ። ጥይት የነበረበት ባዶ ሣጥን ነው፤ ዝናብ አያስገባም ብላ ገበያ ከብረታ ብረት ሻጮች የገዛችው። እዚህ ጋ ማቆም እችል ነበር። «አፉ በሉኝ» ብዬ፣ ሣሩን አራግፌ፣ ሻሼን አስሬ መሳቅ።

እኔ ግን ምን አልኩ?

«የእሷ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ሌላ ሰው ለውጦት ቢሆንስ? ከሥሩ ሌላ ነገር ቢኖርስ?»

አያችሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የድሮ ካምፕ ላይ አንዴ ከተጠየቀ በኋላ፣ «ምንም የለም፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚል ጀግና አይገኝም። መምህር ሳሙኤል ሀያትን አየ። ሀያት ሣጥኑን አየች። ሣጥኑ ዝም አለ።

የሳጅን ታደለ ስልክ አለኝ። ደንበኛዬ ነው፤ በየጊዜው ለቁርሱ የለውዝ ቅቤ ይወስዳል። ደወልኩ።

ፖሊስ ካወቀ ደግሞ ወደኋላ መመለስ የለም። ሁላችንም ተሰልፈን ወረድን፤ እግራችንን በመጣንበት ዱካ ላይ እያሳረፍን። ይኼም የእኔ ትእዛዝ ነው። እታች ጥላ የሌለበት ሜዳ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ያመጣሁትን በሶ ማንም አልነካውም።

ሳጅን ታደለ ከአንድ ባልደረባው ጋር በሞተር መጣ። ሼህ ኢድሪስ ሊያቀልሉት ፈልገው «ሣጥኑን እኔ አውቃለሁ» አሉት። «ይቺ ልጅ አመጣ። ጁምዓ ነው፣ ከሶላት በኋላ። እኔ ከፊት ሄድኩ፣ እሱ ከኋላ። አብረን ደበቅን።»

ጁምዓ!

ጁምዓ ሀያት ቤተ መጻሕፍት ነበረች። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

አሁን ብልህ እናት ብትሆን ይኼን ዋጥ አድርጋ ቤቷ ትጠይቃለች። እኔ እዚያው፣ በአዲስ አበባዎቹ ፊት፣ በጓደኞቿ ፊት፣ በሁለት ፖሊስ ፊት ጀመርኩ። ውሸታም አልኳት። እኔ ለማን ብዬ ነው እሳት ፊት የምቆመው አልኳት። ሼህ ኢድሪስንም አልማርኳቸውም፤ የሰው ልጅ ይዘው ጫካ ሲገቡ እናቷን የማይጠይቁ ብዬ። አባቴ የሚሆኑ ሰው! «የኔም ልጅ አለ፣ እንደሱ ነው ያየሁት» አሉና ዞር ብለው ቆሙ።

ሀያት አላለቀሰችም። እጇን አጣጥፋ ቆማ ሰማችኝ።

ሳጅን ታደለ ጨረሰች ብሎ ሲያስብ ሀያትን ለብቻዋ ጠየቃት። ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

«እርሳስ። የቁልፍ ማንጠልጠያ። ያገኘው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ወረቀት» አለች። ከዚያ ቆመች።

«ሌላስ?»

«አንድ ብልቃጥ።»

«የምን ብልቃጥ?»

መሬት መሬት ታያለች። እኔ ደግሞ ብልቃጥ ሲባል ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አሲድ!

ፖሊሶቹ ወጡ። እኛም ከሩቅ ተከተልን። ሳጅን ታደለ ግንቡን ተከልሎ፣ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ሽቦ አስሮ ክዳኑን ጎተተው። ሊዲያ ስልኳን ከፍ አድርጋለች። እኔ ሀያትን በጉልበት ከኋላዬ ይዣታለሁ።

ክዳኑ ተከፈተ።

ምንም አልፈነዳም። ወፍ ብቻ ይጮኻል።

ሳጅኑ ቀስ ብሎ ተጠጋ፣ ጎንበስ አለ፣ እጁን ሰደደ። ብልቃጡን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሳውና የተለጠፈበትን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበ።

«የሀያት እናት የለውዝ ቅቤ። ንጹሕ። ለልጆች የሚስማማ። ምንም ጉዳት የሌለው።»

…

እኔው ነኝ የለጠፍኩት። በገዛ እጄ ያሸግሁት።

መጀመሪያ የሳቀው ባልደረባው ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሳጅን ታደለ «ይኼማ የኔ ቁርስ ነው!» አለ። መምህር ሳሙኤል እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቁ ውስጥ ክፋት አልነበረውም። ልባቸው ወልቆ ተመልሶላቸው ነው የሳቁት።

ያልሳቅነው ሁለት ነን።

ስንወርድ መምህር ሳሙኤል ወደ እኔ ጠጋ አለ። «የሀያት እናት፣ ስለ ማንኩሹ ጉዞ…» ሲል አቋረጥኩት።

«ፈቅጃለሁ!» አልኩት። «ከዳገቱ ጀምሮ ፈቅጃለሁ! ልነግራት ነበር!»

ጫማውን አየ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቃል መርጦ ነው የተናገረው። እዚያ ጥበቃው ብዙ ነው፣ ሰው ሁሉ ኃላፊነት አለበት፣ እንዲህ ያለ ስልክ አንዴ ከተደወለ ቡድኑ በሙሉ ይመለሳል አለኝ። ለሀያት ሌላ ጊዜ ብናደርገው ይሻላል አለ።

«እኔ እኮ አልሄድም! እሷ ናት የምትሄደው!»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም እርስዎን አይደለም የምፈራው። ስልክዎን ነው።»

ሀያት ከኋላችን ነበረች። ሰምታለች። ያን የፈተናውን ቀን አስተያየት ያየችኝ ያን ጊዜ ነው።

ባጃጅ ውስጥ እንደ ልማዴ የሾፌሩን ፊት ላነሳ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ቤት ልንደርስ ስንል ሀያት ወደ ውጭ እያየች አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

«ብልቃጡን የከተትኩት ሰዎቹ አንቺን እንዲያውቁሽ ብዬ ነበር። አሁን አወቁሽ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። አላላተመችውም። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ እሱ ነው የባሰኝ።

ከዚያ ስልኬ ጀመረ። ቪዲዮው ወጥቷል። «የፈንጂዋ እናት» የሚል ስም ወጥቶልኛል። እና ጉዱን ስሙ፣ ትእዛዝ ይጎርፋል! ጋምቤላም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሰምቼው የማላውቅ ሰፈር ሁሉ «አንድ ፈንጂ ላኪልኝ» ይለኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት በማስታወቂያ ያላገኘሁትን ገበያ በደረቴ ተኝቼ አገኘሁት። ያለኝ ብልቃጥ አይበቃም። ደስ የሚል ነገር አይደል?

ጀማልም ደወለ። እሱ ይሥቃል ብዬ ነበር፤ ወንድሜ ቀልደኛ ነው፤ በሁለት ጣቱ ሳይቀር ይቀልዳል። አልሣቀም።

«ማንኩሽ ቀረባት አሉኝ» አለ።

«ቀረባት።»

«በኔ ጣት አንቺ ከትምህርት ቀረሽ። ሀያትም በዚሁ ጣት…» አለና ተወው። «የኔ ልጆች ማሳ ይውላሉ እኮ» አለኝ። ቻው ሳይል ዘጋው።

እሱ የተናገረውን ለራሴ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ «አትሄጂም» ያለችኝን ቀን አስታወስኩ። እኔም ያን ቀን ሳህን እያጠብኩ ነበር።

አሁን ይኼን የምጽፍላችሁ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ነው። ሳጅን ታደለ ብልቃጡን መልሶልኛል፤ ፊቴ አለ፤ አልተከፈተም። በጨዋታው ሕግ ሣጥኑን መጀመሪያ ያገኘው ሰው አንድ ስጦታ ይወስዳል። መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሽልማቴም የራሴ ለውዝ ቅቤ ነው።

ልጄም ቤት ናት። መኪና አይገለበጥባትም፣ እባብ አይነክሳትም፣ ብረት አትረግጥም። የት እንዳለች አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ናት። ስፈልገው የነበረው ይኼው አይደል?

በሩን ላንኳኳ ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ካምፕ ላይ በረዥም ቀርከሃ ክዳን ይከፈታል፤ ለዚህኛው በር የሚሆን ቀርከሃ ግን የለኝም።

እናቶች፣ አንኳኩታችሁ መጀመሪያ ምን እንደምትሉ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ፈንጂ ያዘዛችሁ ደግሞ ታገሱኝ። ዛሬ አልፈጭም።